የቀጥቃጩ ካርድ

ካርዶቹ ወደ ማተሚያ ቤት ከመላካቸው በፊት ነገሩ የነበረበት ሁኔታ እንዲህ ነው።

ጨዋታው ግልብጥ ይባላል። አርባ ሁለት ካርዶች አሉት። ሠላሳዎቹ እንደ ማንኛውም የመጫወቻ ካርታ ናቸው፤ ፊታቸው ላይ እንደ ሕፃን፣ እንደ ምሽት ያለ ሥዕል፣ ጀርባቸው ላይ አንድ ዓይነት ቀይ ሐረግ አለ። አሥራ ሁለቱ ግን ጀርባ የላቸውም፤ ሁለቱም ገጻቸው ፊት ነው። በአንዱ በኩል ሰው አለ፣ በሌላው በኩል ያ ሰው የሚለወጥበት ፍጥረት። አዝማሪው ቁራ ይሆናል፣ ፈታይዋ ሸረሪት፣ ባሕታዊው ባለ ክንፍ አንበሳ፣ ንግሥቲቱ የንብ መንጋ። ሲበወዙ በጀርባቸው እንዳይለዩ ሁሉም ካርዶች አንድ ዓይነት ጥቁር ላስቲክ ይለብሳሉ። ተጫዋቹ ካርዱን ሰው አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ያወርደዋል፤ በካርዱ ላይ የተጻፈው ነገር ሲደርስ ከላስቲኩ አውጥቶ ይገለብጠዋል።

ደንቡን ያወጣው አዳም ነው። አዳም አስጎብኚ ነው፤ ጦርነቱ እንግዳ ካስቀረ ወዲህ ግን የሚያስጎበኘው ሰው የለውም። ቀደም ሲል በረራ ተሰርዞበት ላሊበላ የከረመ አንድ ፈረንጅ ይህን የመሰለ ጨዋታ አስተምሮት ነበር። አዳም የእኛን አገር ፍጥረታት አስገብቶበት ራሱ አዲስ ሠራ። ሥዕሉን የሳለው ምሥጋናው ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከአባቱ የተማረ፣ ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው መንገድ ዳር የሚኖር ሰዓሊ። እስከዚያን ጊዜ ድረስ የነበረው አንድ የሙከራ ቅጂ ብቻ ነው።

ከአሥራ ሁለቱ ሰዎች አንዱ አባቴ ናቸው።

አባቴ አረጋ ቀጥቃጭ ናቸው። ከቅዳሜ ገበያው በታች የሣር ክዳን ዳስ አላቸው፤ ከገነተ ማርያም በኩል የሚመጣው ገበሬ ሳይቀር ማረሻውን የሚያስቀጠቅጠው እሳቸው ዘንድ ነው። ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። ጢሙ ገና ያላበቀለ ጎረምሳ ማረሻ ተሸክሞ መጥቶ «አንተ አረጋ» ይላቸዋል። ልጅ ያዘለች ሴት በደጃችን ስታልፍ የልጇን ፊት በነጠላዋ ትሸፍናለች። ለላስታ ሰው ምክንያቱ አይነገርም፤ ለሌላው ግን ልናገር። ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቡዳ ነው ይባላል። ሲመሽ ዐመድ ላይ ተንከባሎ ጅብ ይሆናል፣ ሰው ይበላል ይባላል። እኔ በጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ እሠራለሁ። ሥራዬ በማይክሮስኮፕ ያየሁትን መጻፍ ነው፤ ያላየሁትን አልጽፍም። ከአባቴ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ነው ያደግሁት፤ ሲመሽ እግራቸውን ታጥበው ይተኛሉ፣ ያንኮራፋሉ።

ምሥጋናው የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። ዳሱ በር ላይ ቆሞ «አባቴ፣ አንቱን መሳል ፈልጌ ነበር» አለ። አባቴ መዶሻውን አስቀመጡ። ዳሱ ከመጣ ሰው አንቱ ሲባሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው። በማግስቱ ለጥምቀት ብቻ የሚለብሱትን ጋቢ ለብሰው፣ ፊታቸውን ወደ ሰዓሊው አዙረው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። እኔ ሻይ አፈላሁለት። ምሥጋናው ጠጣ። ከቤታችን የሚጠጣ ሰው ብዙ ስላልሆነ ብርጭቆው ባዶ መሆኑን ልብ ብዬ አይቻለሁ።

በሰኔ መጀመሪያ የካርዱን ሥዕል በስልክ ላከልኝ። አባቴ ስልኩን አርቀው ይዘው ዓይናቸውን አጠበቡ።

«ጎኔን ነው እንዴ የሳለኝ?»

«ለማማር ይሆናል አባባ።»

«ይሁን። ወናፌን ደህና አድርጎ ስሏታል። የግንባሬን ጠባሳ አየሽ? ረስቷት አልቀረም።» ከዚያም ለሁለቱ ጎረቤት ቀጥቃጮች አሳዩ። ካርዱ ታትሞ ሲመጣ ከዳሱ ምሰሶ ላይ በመስታወት እንደሚሰቅሉት ነገሯቸው። የተላከልን አንዱ ገጽ ብቻ ነበር።

ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ካርዱን በዓይኔ ለማየት አስጎብኚዎቹ ወደሚውሉበት ሆቴል ጎራ አልኩ። አዳም ከሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ከሰብሌ ጋር ይጫወታል። ሌሎች አምስት ስድስት ሰዎች ከበዋቸዋል። ጀርባቸው ወደ በሩ ስለነበር አላዩኝም።

«አቦ አውርድና እንገላገል!» አለ አንዱ።

አዳም ምሽት የሚባለውን ካርድ ጠረጴዛው ላይ መታው። «መሸ!»

«መሸ! ገልብጥ! ገልብጥ!» ብለው ጮኹ።

አዳም ከፊቱ ካሉት ካርዶች አንዱን ከላስቲኩ አውጥቶ ገለበጠው። ሰብሌ ራሷን ይዛ ሳቀች።

«ወይኔ ልጄን! አረጋ በላኝ! ዛሬም አረጋ በላኝ!»

ሁሉም ሳቁ። ከዚያ አንዱ ዞር ሲል አየኝ። ሳቁ በአንድ ጊዜ አልቆመም፤ ከኔ አጠገብ ካለው ጀምሮ አንድ በአንድ ጠፋ፤ መጨረሻ ላይ የሰብሌ ብቻ ቀረ፤ ቀና ብላ ስታየኝ እሱም ቆመ።

ካርዱን አነሣሁት። በአንዱ በኩል አባቴ ናቸው። በግራ ግንባራቸው ላይ የእሳት ጠባሳቸው አለ፤ ወናፋቸው በቆዳ የተጣፈበት ቦታ ሳይቀር አለ። ከሥሩ «ቀጥቃጩ። ኃይል ሁለት። ምሽት ሲወርድ ገልብጥ» ይላል። ገለበጥኩት። ዐመድ የለበሰ ጅብ፤ ጆሮው ላይ ቡዳ ጅብ ሲሆን ያደርገዋል የሚባለው ጉትቻ፣ በግራ ግንባሩ ላይ ያችው ጠባሳ። «ጅቡ። ኃይል ሰባት። ከባላጋራህ አንድ ሕፃን ይበላል።» የሌሎቹን አሥራ አንድ ሰዎች ካርዶችም ከላስቲካቸው እያወጣሁ ሁለቱንም ገጽ አየሁ።

«እየሩስ…» አለ አዳም። «ቁጭ በይ። ጨዋታ እኮ ነው።»

«አዝማሪው የማን አባት ነው?»

«ምን?»

«ቁራ የሚሆነው አዝማሪ። የማን አባት ነው?»

«የማንም። ምሥጋናው ከራሱ አፍልቆ ነው።»

«ባሕታዊውስ? ፈታይዋስ?»

«እነሱም እንደዚያው። ምነው?»

«ከአሥራ ሁለት ሰው አንድ ሰው ብቻ ከሥራው ተጠርቶ፣ ጋቢ ለብሶ፣ ተቀምጦ ተሳለ። ከአሥራ ሁለቱም ሕፃን የሚበላው እሱ ብቻ ነው። ይህን አንተ ነህ ያወጣኸው ወይስ እንዲያው ገጠመ?»

አዳም እጁን ዘረጋ። ለእንግዳ ሲያስረዳ እንደሚያደርገው ድምፁን አለሰለሰ። «አፈ ታሪክ ነው እኮ። ፈረንጆቹም ተኩላ የሚሆን ሰው አላቸው። በየጨዋታው አለ። አንድም ሰው ተቆጥቶ አያውቅም።»

«የፈረንጆቹ ተኩላ ቅዳሜ ገበያ ይወጣል? ሴት ልጁ መርፌ ስታነሣ በሽተኛ ክንዱን ይነጥቃታል? እኔን ክንዳቸውን ነጥቀውኛል። ደም ልወስድ ስል። አንተ ደግሞ ለዚህ ወሬ ሥዕል አሠራህለት።»

«ይልቅ ጥሩ ጎኑን አላየሽም» አለ። «በጣም ኃይለኛው ካርድ እኮ ነው! ሁሉም የሚፈልገው እሱን ነው። አባትሽ የጨዋታው ኮከብ ሆኑ እንጂ ምን ሆኑ?»

እዚህ ላይ ሰብሌ እንኳ አንገቷን ደፋች።

«አውጣው» አልኩ። «ካርዱን ከጨዋታው አውጣው።»

«አይሆንም። ደንቡ በአሥራ ሁለት ነው የተሠራው። ሰኞ ወደ አዲስ አበባ ይላካል። ደግሞ ያችን መልሻት፣ ሌላ ቅጂ የለኝም።»

ካርዱን በጋዋኔ ኪስ ከትቼ ወጣሁ። ከኋላዬ የጠራኝ የለም።

ምሥጋናውን ያገኘሁት ከቤቱ ደጃፍ በቀለም ሲሠራ ነው። ካርዱን ከፊቱ አስቀመጥኩ። ቀና አላለም፤ ብሩሹን አጠበው፤ ከታጠበም በኋላ ያጥበው ነበር።

«ዓይን ቁጠር» አልኩት።

«የምን ዓይን?»

«አዝማሪው ስንት ዓይን አለው?»

«ሁለት።»

«ንግሥቲቱ?»

«ሁለት።»

«ከአባቴ በቀር ሁሉም ወደ ፊት ያያሉ። ሁሉም ሁለት ዓይን አላቸው። አባቴ ፊታቸውን ወዳንተ አዙረው ነው የተቀመጡት፤ እኔ እዚያው ነበርኩ። አንተ ግን በጎን ሳልካቸው። አንድ ዓይን።»

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሁለት ዓይን አለው፤ ይሁዳ፣ ዲያብሎስ፣ የሰማዕቱ ገራፊ በጎን ይሣላሉ፣ አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚታያቸው። ይህን ላሊበላ ውስጥ ሕፃን ያውቀዋል። እሱ ደግሞ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲስለው የኖረ ነው።

«አስቤ አይደለም» አለ ምሥጋናው። «በእውነት አስቤ አይደለም። እጄ ለምዶ ነው።»

«ደንባችሁ ምን ይላል? ሰውየው እስኪመሽ ድረስ ሰው ነው። እስኪገለበጥ ድረስ ማንም ምን እንደሆነ አያውቅም። ያንተ እጅ ግን ጠዋት ፈረደበት። ምሽቱን እንኳ አልጠበቀም።»

«እየሩስ፣ ተይ…»

«ሻዬን ስትጠጣ ምን ታስብ ነበር?»

ብሩሹን አስቀመጠ። «ፈርቼ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ጠጣህ?»

«እንዳትቀየሙኝ። ስወጣ ደግሞ… ጸበል ጠጣሁ።» ይህን ሲል ፊቱ ቀላ። ባይነግረኝ ይሻል ነበር፤ የነገረኝ ግን ይቅር እንድለው ነው። አላልኩትም።

«ፊቱን ልቀይረው» አለ። «እስከ ሰኞ ይደርሳል። ጠባሳዋን አጠፋለሁ፣ አፍንጫውን፣ ወናፉንም ሌላ አደርገዋለሁ። ማንንም የማይመስል ሰው እስላለሁ።»

እሺ ልለው አፌን ከፈትኩ። ስመጣም ልጠይቀው ያሰብኩት ይህንኑ ነበር።

«ስሙ ማን ይባላል?» አልኩት ይልቅ።

«ካርዱ? ቀጥቃጩ ነዋ።»

«ጀርባው?»

ብሩሹን እንደገና አንሥቶ ያጥብ ጀመር።

«ፊቱ የማንም ካልሆነ የእኛ የቀጥቃጮች የሁላችንም ነው» አልኩ። «አሁን ቢያንስ የሰደባችሁት አንድ ሰው ነው።» ካርዱን አንሥቼ ሄድኩ።

ያን ምሽት ካርዱን ለአባቴ ሰጠኋቸው። መደበቅ ይቻል ነበር፤ ግን ሆቴሉ ውስጥ ያሉ ሰዎች የሚያውቁትን ነገር እሳቸው ብቻ ሳያውቁ ማረሻ እንዲቀጠቅጡላቸው አልፈለግሁም። አባቴ መጀመሪያ ገጻቸውን አዩ። ከዚያ ገለበጡት። ጅቡን ገጻቸውን ካዩበት የበለጠ ጊዜ አዩት።

«ይች ጠባሳ የኔዋ ናት?»

«አዎ አባባ።»

«ደህና አድርጎ ስሏታል» አሉ። እራት አልበሉም።

ቅዳሜ ገበያው ሞልቶ ነበር። ዝናቡ ገብቷል፤ የመዝሪያው ወቅት ደርሷል፤ ጫፉ የተበላ ማረሻ የያዘ ገበሬ ከዳሳችን በር እስከ ጨው ተራ ድረስ ተሰልፏል። አባቴ እሳት አላነደዱም። ወናፉን ከመሬት ነቅለው ጠቀለሉት። ካርዱን በጉጠት ያዙና ብረት በሚቀጠቅጡበት መስፍ ላይ አስቀመጡት፤ ጅቡ ወደ ላይ። ለምን በእጃቸው እንዳልያዙት አልጠየቅኋቸውም።

ከሰልፉ ፊት የነበረው ደርበው ነው፤ የአዳም አጎት።

«አንተ አረጋ፣ እሳቱ ምነው? ዳመናውን አታይም?»

«የወንድምህ ልጅ ቀጥቃጩን ጅብ አድርጎታል» አሉ አባቴ። «ጅብ ደግሞ ማረሻ አይቀጠቅጥም።»

ከኋላ ጥቂት ሰው ሳቀ። አባቴ አልሳቁም።

«ቀልዱን ተወውና አንድድ። መሬቱ ረጥቧል።»

«ምን ቀልድ አለው? እየው፣ እኔው ነኝ። ጠባሳዬን አታውቃትም? ያንተን ማረሻ ስቀጠቅጥ ፍንጣሪ ያቃጠለኝ ናት።» ድምፃቸው ከፍ አለ። አባቴ ገበያ መሃል ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም። «ማታ ማታ ስበላችሁ ቀን ቀን ለምን ትመጣላችሁ? አባትህም እኔ ዘንድ ነው ያስቀጠቀጠ። ስንት ልጅ በላሁብህ ደርበው? ንገረኝ! ሰው ይስማ፣ ስንት?»

«እኔ ምን አልኩ?» አለ ደርበው። «እኔ ምንም አላልኩ።»

«አዎ፣ አንተ ምንም አትልም። ሚስትህ ናት ልጁን የምትሸፍነው። አንተ ዝም ብለህ ማረሻህን ትቀበላለህ።»

በዚህ መሃል ቀጥሎ ባለው ዳስ ሲሰማ የነበረው የመዶሻ ድምፅ ቆመ። ከዚያ ከሱ ቀጥሎ ያለው ቆመ። ሁለቱም ቀጥቃጮች ወናፋቸውን ጠቅልለው ወጥተው ከአባቴ ጎን ቆሙ። የሰልፉ ጉርምርምታ ተለወጠ። ዝናቡ እንዳያመልጠው የሚፈራ ሰው ጅብ አያስፈራውም፤ ይህን ያን ቀን አየሁ። «አዳምን አምጡት!» አለ አንዱ። «የታል እሱ ካርታ ተጫዋች?» አለ ሌላው። አንድ ጎረምሳ ባጃጅ ይዞ በረረ።

አዳም ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። የተቆጣው ሰው ብዛት አስደንግጦታል።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያርጉልኝ» አለ። ወደ አባቴ ጎንበስ አለ። «ላስከፋዎ ብዬ አልነበረም።»

አባቴ ረጋ ብለው ተናገሩት። ምን እንደሚሉ ከሐሙስ ጀምሮ ሲያሰናዱት እንደነበር ገባኝ፤ ቃላቱ አልተደነቃቀፉባቸውም። «ስማ። ፊቴን ወደ ፊት አዙረው። ሁለት ዓይን አለኝ፣ ሁለቱም ያያሉ። ስሜንም ተወው፣ ቀጥቃጩ ይሁን። ጀርባዬ ላይ ጅቡን አጥፋና ማረሻ ሳል። ሲመሽ ወደ ማረሻ ልለወጥ። ሌላ አልፈልግም።»

አዳም ትንሽ አሰበ። እውነቱን ለመናገር አስቦበታል፤ ግንባሩ ሲኮማተር አይቻለሁ። «አባቴ፣ ማረሻ ግን ፍጥረት አይደለም። በደንቡ ጀርባው ላይ ነፍስ ያለው ነገር ነው የሚሆነው። ማረሻ አይዋጋም፣ አይበላም…»

«ደንብህ ማሳዬን ያርስልኛል?» ብሎ ጮኸበት ደርበው። «አንተ ሥራ ፈት! ሰውየው አውጣው ሲልህ አውጣው!»

«አውጣው አላልኩም» አሉ አባቴ።

«አውጣው!» አሉ ከሰልፉ። «ይውጣ!»

«አላልኩም። ወደ ፊት አዙረኝ ነው ያልኩት።»

«አልሰማችሁም እንዴ?» አልኩ እኔ። «አውጣው አላሉም!» ድምፄ ከዳሱ አላለፈም። አዳም ግን መውጫ አግኝቷል፤ ትከሻው ወረደ፣ ፊቱ ተፈታ።

«እሺ! በቃ!» አለ እጁን አንሥቶ። «ካርዱ ይወጣል። ከነጭራሹ ይወጣል። ሌላ አስገባለሁ። ሁላችሁም ምስክር ናችሁ።»

ሰዉ «ጎሽ! እንዲህ ነው!» አለ። አንዱ የአባቴን ትከሻ መታ፤ አሥር ዓመት ያህል የሚያንሳቸው ሰው ነው። «ይኸው ተጠናቀቀልህ። በል አሁን አንድድ አረጋ።» ደርበው ማረሻውን መስፉ ላይ፣ ካርዱ ላይ አስቀመጠው።

ሐሙስ ዕለት ሆቴሉ ውስጥ እኔ ራሴ የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር፤ አዳም ያን ጊዜ አይሆንም ያለኝን አሁን በደቂቃ ሰጠ፤ የሰጠውም ለአባቴ አይደለም። ወደ አባቴ ዞርኩ። ሁለቱ ቀጥቃጮች ወናፋቸውን ይዘው ወደየዳሳቸው ይመለሱ ነበር። ልጆች አሏቸው፤ ቅዳሜ ደግሞ በሳምንት አንድ ናት። አባቴ ወናፉን ፈቱ። የደርበውን ማረሻ አንሥተው ከሥሩ ያለውን ካርድ አወጡ። የቱ ገጽ ወደ ላይ እንደሆነ ሳያዩ ከሰሉ ላይ ጣሉት፤ እሳቱንም በሱ አያያዙት። እስከ ማታ ቀጠቀጡ። ሰው ሲጠይቃቸው በመዶሻ ነበር የሚመልሱት።

«አባባ፣ ምሥጋናውን ሌላ ሥዕል ይሳልልዎ ልበለው? ለብቻው፣ ለዳሱ?» አልኳቸው ስንገባ።

«ጸበል ጠጥቶ ነው የሚመጣው?» አሉኝ። ከየት እንደሰሙ አላውቅም፤ እኔ አልነገርኳቸውም።

የታተመው ሳጥን ላሊበላ የደረሰው በጥቅምት ነው። ሰብሌ አንዱን ጤና ጣቢያ ድረስ አመጣችልኝ፤ ይቅርታ ማለቷ ነበር። በቀጥቃጩ ቦታ አጋዘን የሚሆን አዳኝ ገብቷል፤ ደንቡ አልፈረሰም። ካርዶቹን በምሳ ሰዓት የላቦራቶሪው ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ አንድ በአንድ አየኋቸው። ብረት የተሳለባቸው ዘጠኝ ናቸው፦ የገበሬው ማረሻ፣ የአጫጇ ማጭድ፣ የአዳኙ ጦር፣ የእንጨት ለቃሚዋ መጥረቢያ፣ የባሕታዊው ሰንሰለት፣ የንግሥቲቱ ዘበኞች ጎራዴ፣ የወጥ ቤቷ ቢላዋ፣ የበቅሎዋ ልጓም፣ የቤተ ክርስቲያኑ በር መዝጊያ። ቀጥቃጭ ያለበት ካርድ የለም።